ግርማ ሰይፉ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት

አቶ ግርማ ሰይፉ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ምርጫ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት በሆነው በመድረክ ዕጩነት ከአዲስ አበባ ተመርጠው ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያገለገሉ ፖለቲከኛ ናቸው። ከ547ቱ መቀመጫዎች የተቃዋሚ ፓርቲ ድርሻ የእርሳቸው ብቻ ነበር። 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ፤ ቀሪዋን አንድ የግል ተወዳዳሪ አሸነፈ። ሌላ ተቃዋሚ ፓርቲ ስላልነበረ በጀትም፣ አዋጅም፣ የመንግሥት ሪፖርትም ሲቀርብ አማራጭ ሐሳብ የማሰማቱ ሸክም በእርሳቸው ላይ ወደቀ። የተሳትፏቸው ስፋትም ከዚህ የመነጨ ነው።

አንድ ድምፅ ውሳኔ ስለማይለውጥ ተሳትፎው ለምክር ቤቱ የብዝኃነት ገጽታ ከማላበስ አያልፍም የሚል ትችት ይነሣል። የድምፅ ስሌቱ እውነት ነው፤ ግን የምክር ቤት ሥራ እጅ ማውጣት ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን እንዲጠይቅና የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል፤ በአንቀጽ 54 ደግሞ አባላቱን የመላው ሕዝብ ተወካዮች ያደርጋቸዋል፣ በምክር ቤት በሚሰጡት አስተያየትም እንዳይከሰሱ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የተመረጠ አባል የሚያነሣው ጥያቄ በዋድላ ወረዳ የምትገኘው የኮን ከተማ ነዋሪም ጥያቄ ነው። የተቃውሞ ሐሳብ በምክር ቤቱ ውስጥ መሰማቱ መንግሥት በይፋ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ መራጩም ሁለት ክርክሮችን አመዛዝኖ እንዲፈርድ ዕድል ይሰጣል። ያለ ተከራካሪ የጸደቀ ሕግ ይህን ፈተና አላለፈም።