ፒያኖውና የመሪው በትር

እ.ኤ.አ. በ1967 ዕድሜያቸው 30 ያልሞላው አሸናፊ ከበደ የሀንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ መሩ። ያስጫወቱት የራሳቸውን ድርሰቶች ሲሆን፣ አንዱ ስለ ባለዋሽንት እረኛ የተጻፈ ነው። በዚያው ዓመት ከንጉሠ ነገሥቱ የብሔራዊ ሙዚቃ ደራሲነት ማዕረግ ተቀበሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ግርማ ይፍራሸዋ የተወለደው በዚሁ ዓመት ነው። ሁለቱ የዘመናዊ ሙዚቃችን ስሞች ናቸው፤ አንዱ በበትሩ፣ ሌላው በፒያኖው። የኮንሰርት ፒያኒስት ሆኖ ኦርኬስትራም የሚመራ ሰው ግን በእኛ አገር እንደ ብርቅ የሚቆጠር ነው። ምክንያቱ የተሰጥኦ እጥረት አይመስለኝም።

በአውሮፓ ይህ ሙያ የቆየ ነው። ሞዛርት በ1780ዎቹ ቪየና ውስጥ የፒያኖ ኮንሰርቶዎቹን ራሱ እየተጫወተ ራሱ ይመራ ነበር። በእኛ ዘመን ዳንኤል ባሬንቦይምና ቭላዲሚር አሽኬናዚ ይህንኑ አድርገዋል። አሠራሩ ለዓይንም ደስ ይላል። የፒያኖው ክዳን ይነሣል፤ ተጫዋቹ ጀርባውን ለታዳሚው ሰጥቶ ከኦርኬስትራው መካከል ይቀመጣል፤ እጁ ነፃ በሆነ ቁጥር ያነሣና ያስገባቸዋል፣ እጁ ሲያዝ በራሱ፣ በትከሻው፣ በትንፋሹ ይመራል። ይህን ለመልመድ ግን በየሳምንቱ አብሮት የሚለማመድ ኦርኬስትራ ያስፈልገዋል። ፒያኖ ቤት ተዘግቶ ይጠናል፤ መሪነት ሰው ፊት ካልቆሙ አይጠናም።

በአዲስ አበባ ሰው ፊት የመቆሙ ዕድል ለረጅም ጊዜ የውጭ ሰዎች ነበር። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የተባሉትን፣ የመሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም የቀድሞውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው። ከጣሊያን ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ፖላንዳዊው ኮንቶሮቪች የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራውን በመጀመሪያ ለኦስትሪያዊው ዘልቬከር ሰጠ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን ተከተሉ። ብዙ መሣሪያ የሚያውቁ፣ የሚያቀናብሩ፣ መዘምራን የሚያሠለጥኑ ሰው ነበሩና ለሁለቱም ሙያ ከሁሉ የቀረቡት እሳቸው ናቸው ብል የሚከራከረኝ አይበዛም። ሥራቸው ግን የቴአትር ቤት ሥራ ነበር፤ መድረኩ የሚፈልገው ዘፋኝ የሚያጅብ ባንድ እንጂ የፒያኖ ኮንሰርቶ አልነበረም።

ያ ኮንቶሮቪች ካይሮ ሳለ ያስተማራት አንዲት ወጣት ነበረች፤ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ። በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተባሉት ናቸው። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል። ለንደን ሄደው እንዲማሩ የተገኘው ዕድል ሳይፈቀድላቸው ሲቀር ግሸን ማርያም ገቡ፣ መነኮሱም። የኋላ ኋላ ፒያኖአቸውን ዓለም ሰምቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ የዜና ማሰራጫዎች ተቀባበሉት። የተሰማው ግን ብቻውን የሚጫወት ፒያኖ ነው። ይህንን ልብ ይሏል።

አሸናፊ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው ከአሜሪካው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የቀሰሙትን ለማካፈል ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ተመልሰው ወጡ፤ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው በፍሎሪዳ ሲያስተምሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 አረፉ። ከበትራቸው ይልቅ ብዕራቸው እየጎላ ነው የሄደው፤ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ የጻፉትን መጽሐፍ የሚያነቡት ድርሰታቸውን ከሰሙት ሳይበልጡ አይቀሩም።

ግርማ ይፍራሸዋ የጀመረው በክራር ነው። ፒያኖ ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሲገባ ነው፤ በዚህ ሙያ ሚዛን እጅግ የዘገየ ዕድሜ። ከዚያ እንደ ዘመኑ ብዙ ተማሪዎች በቦሌ ወጣ፤ በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ። የምሥራቁ ጎራ ሲፈርስ የትምህርቱ ድጋፍም ተቋረጠና ወደ ጣሊያን ተሻገረ፤ ኋላም ተመልሶ ትምህርቱን ጨረሰ። እ.ኤ.አ. በ1995 አገር ቤት ገብቶ እስከ 2001 በያሬድ አስተማረ። በለንደኑ ሮያል አካዳሚና በላይፕዚግም ችሎታውን አዳብሯል።

እኔን የሚገርመኝ ክራር ተጫዋቹ ልጅ ከፒያኖው ጋር የገባው ሙግት ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክሮቿን ለዘፋኙ ድምፅ ትቃኛለች፤ ትዝታ ሲፈለግ ትዝታ፣ ባቲ ሲፈለግ ባቲ። ፒያኖ ከ200 በላይ የብረት ክሮች አሉት፤ አንዴ በቃኚው እጅ ከተቃኘ መሐል ላይ ሌላ ቅኝት እሺ አይልም። በዚያ ላይ መዶሻው የመታው ድምፅ ወዲያው መርገብ ይጀምራል፤ እንደ ዋሽንት እስትንፋስ አይጎተትም። ግርማ «አምባሰል»ን፣ «ሰመመን»ን፣ «ጨዋታ»ን፣ «እልልታ»ን የጻፈው ለዚህ እንቢተኛ መሣሪያ ነው። እሱም እንደ አሸናፊ ስለ እረኛና ዋሽንት የሚናገር ድርሰት አለው። አሸናፊ ለዚያ ዋሽንት ሙሉ ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ ግርማ አሥር ጣት። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በታተመው «ፍቅርና ሰላም» በተሰኘው አልበም ላይ ዜማው በቀኝ እጅ ሲሄድ ግራው ከሥሩ ማኅበርተኛ ሆኖ ይከተላል። ኦርኬስትራ ያጣ ሰው ኦርኬስትራውን ከጣቶቹ ይሠራል፤ ከእማሆይ ጀምሮ የኢትዮጵያ ፒያኖ መልክ የወጣው ከዚህ እጦት ነው የምለው ለዚህ ነው።

አዳራሹም ሌላ ጥያቄ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ገንዘብና ግንባታ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ቦሌ ሄዷል፤ የያሬድ ትምህርት ቤት ወዲያ ስድስት ኪሎ በኩል ቀርቷል። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ለኢትዮጵያ ሚሊኒየም የተሠራው አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ቢዮንሴን አስተናግዷል። ለድምፅ ማጉያ የተሠራ ቤት ነው፤ ያለ ማይክሮፎን የሚጫወት ፒያኖ እዚያ ቢገባ ከአሥረኛው ረድፍ በኋላ መሰማቱን እጠራጠራለሁ። የቦሌ ሆቴሎች ፒያኖም ብዙውን ጊዜ ለእራት ማጀቢያ ነው።

ከፒያኖው ሆኖ ለመምራት ግን ታላቅ አዳራሽና 60 ተጫዋች መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ሞዛርት በ1782 እና በ1783 የጻፋቸውን ሦስት ኮንሰርቶዎች ለሽያጭ ሲያቀርብ በሙሉ ኦርኬስትራም፣ በአራት ባለ ክር መሣሪያዎች ብቻም መጫወት እንደሚቻል ራሱ አስታውቋል። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። ያሬድ ቫዮሊንና ቼሎ ያስተምራል። የሚጎድለው አንድ የቦሌ ሆቴል አዳራሹን ለአንድ እሑድ ከሰዓት ለቆ፣ ፒያኖውን አስቃኝቶ፣ ማጉያውን ማጥፋቱ ነው።