ስም ያለው ሰንጢና ስም የሌለው ቢላዋ

ሰንጢ በዕብራይስጥ "ኦላር" ይባላል። ቃሉ የዛሬ ቃል አይደለም። በሚሽና ውስጥ ከብዕር ጎን ተጠቅሶ ይገኛል፤ ኦላር ድሮ የጸሐፊ ዕቃ ነበርና። የሸምበቆ ብዕር ሲደነዝዝ ጫፉን የሚቀርጹበት ትንሽ ስለት ማለት ነው። እንግሊዞችም የኪስ ሰንጢን እስከ ዛሬ "የብዕር ቢላዋ" ብለው ይጠሩታል፤ የዝይ ላባ ብዕራቸውን ይቀርጹበት ስለነበር። በእኛም ቢሆን ኦሪትን በግዕዝ ብራና ላይ የገለበጡት አባቶች ያለ ስለት አንድ ገጽ አይጽፉም ነበር። ብራናው የሚፋቀው፣ ብዕሩ የሚቀረጸው፣ የተሳሳተው ፊደል የሚጠፋው በስለት ነው።

ይህን ያስቀደምኩት "ልጄ አሮጌ ሰንጢ ይሰበስባል" የሚል ወላጅ ፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ስለማውቅ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ስለ "ሳኪን" በየሰፈሩ የሚሰማው ወሬ ደስ አይልም። ሕጉም ግልጽ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ቢላዋ ይዞ ከቤት መውጣት ያስቀጣል፤ ከዚህ ውጭ የተደረገው ስለቱ ከ10 ሴንቲሜትር የማይበልጥና ተቆልፎ እንደ ቋሚ ቢላዋ የማይሆን ኦላር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሰበሰብ ሰንጢ ቦታው መሳቢያ ነው፣ ኪስ አይደለም።

ሰብሳቢ አሮጌ ሰንጢ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ስለቱን አይደለም። ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበትን ሥር ነው፤ ማህተሙ እዚያ ነው ያለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእንግሊዝ አገር የስለት ከተማ በሼፊልድ የተሠራ ሰንጢ ላይ ዘውድና ቪ፣ አር የሚሉ ሁለት ፊደሎች ካሉ ዘመኑ የንግሥት ቪክቶሪያ ነው፤ ከ1837 እስከ 1901። "ኢንግላንድ" የሚል ከተጨመረበት ብዙውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ ነው፤ አሜሪካ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ያዘዘችው ያኔ ነው። "የማይዝግ ብረት" የሚል ጽሑፍ ካለበት ደግሞ ከ1913 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ሃሪ ብሬርሊ ያንን ብረት ሼፊልድ ውስጥ የሠራው በዚያ ዓመት ነው።

ቀዩ የስዊስ ሰንጢም እንዲሁ ይነበባል። የስዊስ ጦር ለወታደሮቹ ሰንጢ ሲያዝ በአገሩ ያን ያህል ብዛት የሚያወጣ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ጀርመን ውስጥ፣ ዞሊንገን ነው። ካርል ኤልስነር የተባለ ቢላዋ ሠሪ ይህ ስላልተዋጠለት በ1891 ከኢባክ መንደሩ ራሱ ማቅረብ ጀመረ፤ በ1897 ደግሞ ቡሽ መንቀያ ያለውን የመኮንኖች ሰንጢ አወጣ። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ስትሞት ስሟን ለፋብሪካው ሰጠ። በ1921 "ኢኖክስ"፣ ማለትም የማይዝግ የሚለው ተጨምሮበት ቪክቶሪኖክስ ተባለ። አንዲት እናት በብረት ላይ ስሟ ቀረላት ማለት ነው።

የፈረንሳዩ ኦፒኔል ይበልጥ ቀላል ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 ገደማ በሳቮይ ተራሮች ለገበሬ ብሎ የሠራው የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ ነው። ስለቱን የሚቆልፈው ቀለበት የመጣው በ1955 ነው፤ ከቁጥር 6 ጀምሮ ባሉት ትልልቆቹ ላይ ቀለበት ከሌለ ሰንጢው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ማህተም ግን ሁሉንም አይናገርም። የሼፊልድ ሰንጢ የሚይዘው የነጋዴውን ስም እንጂ በድንጋይ ላይ ጎንበስ ብሎ የሳለውን ሰው ስም አይደለም። በደረቅ ድንጋይ የሚስሉት ሠራተኞች አቧራው ሳንባቸውን ይበላውና ብዙዎቹ 40 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እኔ እነዚያን የሚያማምሩ የቀንድ እጀታዎች ሳይ ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም።

የእኛዎቹ ብረት ቀጥቃጮችስ? ማህተም የሚባል ነገር የላቸውም። እንደሚተረከው በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ብለው አወጁ። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል፤ ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። የጎንደር ገበሬ ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ቢላዋው ከቤተ እስራኤል ወናፍና መዶሻ ነበር የሚወጣው፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ በእህል ይከፍል ነበር። እንግዲህ ያው ገበሬ ሲመሽ "ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል" ብሎ ያንኑ ሰው ይፈራዋል! ማረሻውን ይዞ እያረሰ እኮ ነው። እሳትና ብረት የሚገዛ ሰው ያስፈራል ይባላል፤ ለኔ ግን ፍርሃቱ የመጣው ከእሳቱ ይልቅ ርስት ከነጠቁት ሰው ጋር አብሮ ከመኖር ይመስለኛል። እንዲህ በሚታይበት አገር ስሙን ብረት ላይ የሚቀርጽ ማን ነው?

ሌላም ምክንያት አለ። የወለቃ እናቶች ለቱሪስት የሸጧቸው ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ዛሬ በሙዚየም ተቀምጠዋል። የአባቶች ብረት ግን አልቆ ነው የሚጣለው፤ አይጣልምም እንጂ። ያለቀ ማጭድ ወደ ቀጥቃጩ ተመልሶ ቢላዋ ይሆናል፣ ያለቀ ቢላዋ ወስፌ ይሆናል። በኋላ ዘመን የመኪና ባሌስትራ ሲገኝ እሱም ቢላዋ ሆነ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን 14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ሲመጣ ደግሞ መዶሻና ወናፍ ተሸክሞ አውሮፕላን የሚገባ አልነበረም።

ቢሆንም አንዳንድ ቤት በወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አንድ ከዚያ የመጣ ቢላዋ ይገኛል። በእጅ የተቀጠቀጠ መሆኑ ይታወቃል፦ ጀርባው እኩል ውፍረት የለውም፣ የመዶሻ ጠባሳ ይታይበታል፣ የብረቱ ጭራ እጀታው ውስጥ የተቀበረ ነው። እንዲህ ያለው ከተገኘ በሞረድ አይፈተግ፤ ጥቁረቱ ቆሻሻ ሳይሆን ዕድሜው ነው። በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ በስሱ ዘይት መቀባት ይበቃል። የቆዳ አፎት ካለው አፎቱ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ ይቀመጥ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ በውስጡ ያለው የማልፊያ አሲድም ብረቱን ያዝገዋል፤ ናስ ከሆነ አረንጓዴ ያወጣበታል። ብዙ አሮጌ ሰንጢ የተበላሸው "ይጠብቀዋል" ተብሎ ዓመታት በአፎቱ ውስጥ ስለተረሳ ነው።

ከዚያ አያቶችን መጠየቅ ነው፤ ማን ቀጠቀጠው፣ በየትኛው መንደር፣ ብረቱ ከምን መጣ፣ በስንት ቁና እህል። መልሱ በወረቀት ተጽፎ ከቢላዋው ጋር በአንድ መሳቢያ ይቀመጥ።