«ፖርቹጋላዊ መሆን»፦ ጣሊያኖች ሳይከፍል ለሚገባ ሰው ያወጡት ስም

በጣሊያን አንድ ሰው ትኬት ሳይቆርጥ አውቶቡስ ቢሳፈር ወይም የስታዲየም አጥር ዘሎ ጨዋታ ቢመለከት «ፋሬ ኢል ፖርቶጌዜ» አደረገ ይባላል። ቃል በቃል ሲፈታ «ፖርቹጋላዊ መሆን» ማለት ነው። አነጋገሩ የመንገድና የቡና ቤት ጨዋታ ቢሆንም ጋዜጦችም ይጠቀሙበታል።

ለአነጋገሩ መነሻ ሆኖ የሚተረከው ታሪክ ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ይወስደናል። በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ዘንድ የተሾመው የፖርቹጋል አምባሳደር በአርጀንቲና ቴአትር ትርኢት አዘጋጀ፤ በከተማዋ የሚኖሩ ፖርቹጋላውያንም በነፃ እንዲገቡ ተጋበዙ። የጥሪ ወረቀት አልታደለም። በሩ ላይ «ፖርቹጋላዊ ነኝ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ወሬው የደረሳቸው ሮማውያን ታዲያ አገራቸውን ለአንድ ምሽት ለውጠው አዳራሹን ሞሉት።

በታሪኩ ውስጥ የሚያሳዝነው ስሙ ያረፈበት ወገን ነው። ፖርቹጋላውያኑ ተጋባዥ እንጂ ሰርጎ ገብ አልነበሩም። ያታለሉት ሮማውያን ሆነው ሳለ ነቀፌታው በእንግዶቹ ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ ዛሬም ጣሊያንኛ የሚሰማ ፖርቹጋላዊ የሕዝቡን ስም በሌላው ጥፋት ሲነሣ ይሰማል።

ሁሉም ቋንቋ እንዲህ አላደረገም። የእኛው «ቀላዋጭ» የማንንም ወገን ስም አያነሣም፤ «ቀላወጠ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ ሰውየውን በሥራው ብቻ ይጠራዋል። «ቀላዋጭ ወጥ ያውቃል» ሲባልም ስላቁ ከየቤቱ ድስት ቀማሽ ላይ አያልፍም። ዐረቦች ደግሞ ሳይጠራ ከግብዣ የሚገኘውን «ጡፈይሊ» ይሉታል። ቃሉ የተገኘው በየሠርጉ ሳይጋበዝ ይታደም ነበር ከሚባለው የኩፋ ከተማ ነዋሪ ከጡፈይል ነው። እዚህ ቢያንስ ስሙን ያተረፈው ባለጉዳዩ ራሱ ነው።

ወደ ሮም ስንመለስ፣ በ1732 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተው ያ ቴአትር ራሱ አሳሳች ስም አለው። ከደቡብ አሜሪካዋ አርጀንቲና ጋር አይገናኝም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጳጳሳቱ ሥነ ሥርዓት ኃላፊ የነበረው ዮሐንስ ቡርካርድ ከስትራስቡርግ አካባቢ የመጣ ሰው ነበር። የከተማዋ የላቲን ስም አርጀንቶራቱም ስለሆነ የመኖሪያው ግንብ «ቶሬ አርጀንቲና» ተባለ፤ ሠፈሩም ቴአትሩም ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ግንብ ነው።