ጌጥ

«ጌጥ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንገትና ጆሮ ላይ የሚውለውን ወርቅና ብር ነው። ቃሉ ግን ስለ ዕቃው ዋጋ ትንፍሽ አይልም። በደቡብ ኦሞ የዳሰነች ሴቶች የጠርሙስ ቆርኪ እየሰበሰቡ፣ አንዳንዴም የሰዓት ማሰሪያ እየጨመሩ፣ የራስ ጌጥ ይሠራሉ። «ይሄማ ጌጥ አይደለም» የሚል ሰው የወርቅ ቤት ሚዛን ይዞ ነው የሚናገረው።

በአውሮፓም ክርክሩ አለ። ደረት ላይ በመርፌ የሚያዘው ብሮሽ ከወረቀትም ከፕላስቲክም ከዛገ ቆርቆሮም ይሠራል። ስዊዘርላንዳዊው ኦቶ ኩንዝሊ በ1980 እ.ኤ.አ. «ወርቅ ያሳውራል» ብሎ የሰየመው አምባር ደግሞ ጥቁር የጎማ ቱቦ ነው። ውስጡ የወርቅ ኳስ አለ፤ እብጠቱ እንጂ ወርቁ አይታይም። ማረጋገጥ የፈለገ ጎማውን መቅደድ፣ ማለትም ጌጡን ማጥፋት አለበት። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም (ስያሜው ራሱ ከአንጥረኛ ቤት የወጣ ነው)፤ እዚህ ሰሙ ጎማ ሆነ እንጂ።

የሆላንዱ ኼይስ ባከር በ1973 እ.ኤ.አ. ከዚህም አልፎ ነበር፦ የወርቅ ሽቦ ክንድ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ሲፈታ ቆዳው ላይ የሚቀረው ምልክት ጌጥ ነው አለ። ይሄኛው ለእኔ ትንሽ በዝቷል። ካልሲዬ እግሬ ላይ የሚተወውን መስመርስ በስንት ልሽጠው?