ያልተጠራው ዘፋኝ፦ አንድ የለንደን የሽልማት ምሽት ከእንጦጦ ግርጌ ሲታይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።)



አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። በንግግሬ መሐል ጥያቄ ያለው ሰው እጁን ለማንሣት እስክጨርስ መጠበቅ የለበትም። ርእሰ ጉዳዬ ንግግርን ማቋረጥ ስለሆነ፣ ልከለክል ብል ራሴን እቃወማለሁ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1996፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 11 ቀን 1988 ዓ.ም. ምሽት፣ ለንደን በሚገኘው የኧርልስ ኮርት አዳራሽ የእንግሊዝ የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ብሪት የተባለውን ዓመታዊ ሽልማቱን ይሰጥ ነበር። የምሽቱ ታላቅ እንግዳ ማይክል ጃክሰን ነው። «የትውልዱ ከያኒ» የሚል ልዩ ሽልማት ተዘጋጅቶለታል፤ ያበረከተለትም አየርላንዳዊው ድምፃዊ ቦብ ጌልዶፍ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ጃክሰን በዚያ ምሽት ያቀረበው «ኧርዝ ሶንግ» የተባለውን፣ በወቅቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ለስድስት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ የቆየውን ዘፈኑን ነው። ዘፈኑ ስለ ተበደለችው ምድር የሚያለቅስ ሲሆን የመድረኩ አቀራረብ ደግሞ ከዘፈኑ የላቀ ድራማ ነበር። ሕፃናትና የተጎሳቆሉ ሰዎችን የሚወክሉ ተዋንያን መድረኩን ሞልተውታል፤ በመሐላቸው ጃክሰን ነጭ ለብሶ፣ እጆቹን በመስቀል አምሳል ዘርግቶ ይቆማል፤ እነርሱም እየቀረቡ ያቅፉታል። ከሚቀርቡት መካከል የአይሁድ ካህን ልብስ የለበሰ ሰው ነበረበት።

ፐልፕ የተባለው የሼፊልድ ባንድ ድምፃዊ ጃርቪስ ኮከር በዚያው አዳራሽ ከታዳሚዎቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። እርሱም ባንዱም በዚያ ምሽት ዘፍነዋል። የጃክሰን ትርኢት በመካሄድ ላይ ሳለ ኮከር ፒተር ማንሴል ከተባለ ጓደኛው ጋር ተነሥቶ ወደ መድረኩ ወጣ። የሚከለክለው አልነበረም። ሸሚዙን ገለብ አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ መቀመጫውን ወደ ታዳሚው አዞረ፣ በእጁም ሽታ እንደሚያባርር ሰው አራገበ። ከዚያም ጠባቂዎች ሲያሳድዱት በተዋንያኑ መካከል ሮጠ። ነገሩ በሙሉ አጭር ነው፤ ውጤቱ ግን ረጅም ሆነ። በሕፃናቱ ላይ ጉዳት አድርሷል በሚል ጥርጣሬ ፖሊስ ያዘው። ቀደም ሲል የሕግ ባለሙያ የነበረው ኮሜዲያን ቦብ ሞርቲመር በዚያ ሌሊት በጠበቃነት አብሮት ቀረበ። በመጨረሻም ክስ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ። ለዚህም የረዳው፣ በዚያው ምሽት ሌላ ሽልማት የተቀበለው የዴቪድ ቦዊ የካሜራ ቡድን የቀረጸው ፊልም ሕፃናቱን የመታቸው እርሱ አለመሆኑን ማሳየቱ ነው። ኮከር ድርጊቱን ሲያስረዳ፣ ጃክሰን ራሱን የመፈወስ ኃይል እንዳለው ክርስቶስን መሰል ሰው አድርጎ ማቅረቡን መቃወሙ እንደሆነ ተናግሯል። የጃክሰን ወገን በበኩሉ ማዘኑንና መቆጣቱን አስታወቀ።

እኔ ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት በወጣትነቴ ነው፤ ሳቅሁም። ከዓመታት በኋላ ለማስተማሪያ ብዬ እንደገና ስመለከተው ግን ሳቄን ያቆመው የኮከር መቀመጫ ሳይሆን ሽልማቱን የሰጠው ሰው ማንነት ነው።

ጌልዶፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበውና መሐመድ አሚን የቀረጸው ዘገባ በዓለም ቴሌቪዥኖች ከታየ በኋላ፣ የእንግሊዝና የአየርላንድ ድምፃውያንን ሰብስቦ የእርዳታ ዘፈን ያስቀዳው ጌልዶፍ ነው። በጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በሎስ አንጀለስ የአሜሪካ ድምፃውያን ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ዎርልድ»ን ቀዱ፤ ደራሲዎቹም ላዮኔል ሪቺና ማይክል ጃክሰን ነበሩ። በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ ተካሄደ። በኧርልስ ኮርት መድረክ ላይ የቆሙት ሸላሚውና ተሸላሚው፣ እንግዲህ፣ ከ11 ዓመት በፊት ከአንድ ምንጭ የጠጡ ሰዎች ናቸው። ምንጩም የእኛ ረኃብ ነበር።

ይህን የምለው ምስጋና ቢስ ለመሆን አይደለም። እህሉ መጥቷል፤ ነፍስ አድኗል፤ የዳኑትም ዛሬ ልጆች ወልደው የልጅ ልጅ አይተዋል። የታሪክ ተማሪ ግን እህሉንና ትርኢቱን ለያይቶ ማየት ይገባዋል። በላይቭ ኤይድ ሁለት ዋና መድረኮች ላይ አንድም ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ አልዘፈነም። የካሜሩኑ ማኑ ዲባንጎ በዚያው ዘመን አፍሪካውያን ሙዚቀኞችን አሰባስቦ ለኢትዮጵያ ዘፈን ማዘጋጀቱን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የቦታዎቹ ስም ነው። የእርዳታ መጠለያ ከተቋቋመባቸው ስፍራዎች አንዷ ባቲ ነበረች። ሙዚቃ የምታጠኑ ተማሪዎች እንደምታውቁት ባቲ የአንድ ቅኝት ስም ነው። ሌላው ቅኝት አምባሰል ስሙን ያገኘው ከዚያው ከወሎ ነው። ስለ ረኃብተኛው በመላው ዓለም ሲዘፈን፣ ረኃብተኛው ራሱ የቅኝቶቻችን አገር ሰው ነበር። ዝም ብሎ የሚታቀፍ ሰው ሆኖ ተሣለ፤ ዘፋኝነቱ አልታየም።

በ1988ቱ የለንደን መድረክ ላይ ያ ሥዕል አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል። በ1977 ቢያንስ አገሩ ስም ነበረው። በ«ኧርዝ ሶንግ» ትርኢት ላይ ግን የተጎሳቆሉት ሰዎች ከየትም አልመጡም፤ የየትኛውም ረኃብ ሰዎች አይደሉም። የቀረው ዘርጋ ያለው ክንድና የሚጠጋው ሕዝብ ብቻ ነው። ኮከር ይህን ታሪክ አስቦ ተነሣ አልልም። የተቃወመው ሥዕል ግን የተቀዳው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ከዚህ አዳራሽ ወደ ሰሜን ብትመለከቱ የሚታያችሁ እንጦጦ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑበት ተራራ ነው። በዚያ ዘመን በነበረው የግብር ሥርዓት አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲሸልል፣ ከተጋባዦቹ አንዱ ጀግና ደሙ ፈልቶ «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል። ኩታውን ይጥላል፣ ሜዳውን ይይዛል፣ የገደለውንና የማረከውን ይቆጥራል። አዝማሪው በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም የሽለላው ዓላማ ሰውን ከመቀመጫው ማስነሣት ነው። ማንም ካልተነሣ ያፈረው እርሱ ነው። በቤተ ክህነትም ቢሆን ቅኔ የሚዘርፈው ሊቅ ተቀባይ አለው፤ ቃሉ በሁለት አፍ ያልፋል።

አዝማሪ ቤት የሄዳችሁ ደግሞ «ተቀበል!» የሚለውን ጥሪ ታውቃላችሁ። አድማጩ ከወንበሩ ሆኖ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ስንኙ የሚያሞግስም ሆነ የሚሰድብ፣ ራሱን አዝማሪውን የሚነካም ቢሆን፣ ተቀብሎ በዜማ ያደርሰዋል። በጓደኛው በኩል ይመልስበትም ይሆናል። ሽልማት የሚለው ቃላችንም በዚያ ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። አድማጩ ዘፈኑ ሳያልቅ ተነሥቶ፣ ብሩን በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሽልማቱ ራሱ ማቋረጥ ነው። በኧርልስ ኮርት ሽልማቱ አስቀድሞ ተወስኗል፣ ንግግሩ ተጽፏል፣ ካሜራው የት እንደሚቆም ተለክቷል። ታዳሚው ሙዚቀኛ ሆኖ ሳለ የተተወለት ሥራ ማጨብጨብ ነው። «ተቀበል» የሚባልበት ቀዳዳ የለም። ኮከር በበር መግባት ስላልቻለ አጥር ዘለለ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ከአዝማሪ ቤት ወንበር ላይ ሆኜ ስፈርድ ኮከርንም ነፃ አላወጣውም። ማቋረጥ የሚፈቅደው ሥርዓት ያቋረጠውንም ይመዝናል። «ዘራፍ» ብሎ ተነሥቶ የሚቆጥረው ጀብድ የሌለው ሰው መሳቂያ ነው። «ተቀበል» ብሎ ስንኝ የሚያጣም እንዲሁ። ኮከር በእንግሊዝኛ ግጥም ጸሐፊነቱ ከዘመኑ ብርቱዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ምሽት መድረክ ላይ አንድ ቃል እንኳ አልነበረውም። መቀመጫውን ይዞ ወጣ፤ ስንኙን ወንበሩ ላይ ትቶት።

(ከታዳሚው መሐል አንድ ተማሪ፦ «መምህር፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት። ማይክራፎኑ እኮ የጃክሰን ነበር። በዚያ ጩኸት ውስጥ ስንኝ ቢኖረውስ ማን ይሰማው ነበር? ሰውነቱ ስንኙ ነው ቢባል አያስኬድም?»)

(ሳቅ።) ያስኬዳል። በትክክል ነው ያቋረጥኸኝ። አዝማሪው ስንኙን በራሱ ድምፅ ያደርስልሃል፤ ተቃዋሚህ አፉን ያውስሃል ማለት ነው። ጃክሰን ለኮከር አፉን አላዋሰውም፤ ሊያውሰውም አይችልም ነበር፤ ድምፁ በመሣሪያ የታሰረ፣ እያንዳንዱ እርምጃ የተጠና ትርኢት ነው። እንግዲህ ፍርዴን በከፊል አሻሽላለሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ኮከር ሲሮጥ በዙሪያው የነበሩት ሕፃናት ናቸው። መድኃኒት መስሎ የቆመውን ሰው ለመቃወም የተነሣው ሰው፣ እነርሱን እንደ መድረክ ዕቃ ማለፉ አልቀረም። ሁለቱም ስለ እነርሱ ይከራከሩ ነበር፤ እነርሱን ግን ማንም አልጠየቀም። ለጃክሰንም ቢሆን ፍትሐዊ ልሁን። በሕፃንነቱ መድረክ ላይ የወጣ፣ ያለ ትርኢት መኖርን ያልለመደ ሰው ነው። እጁን ሲዘረጋ አስመስሎ ነው ብዬ ለመማል አልደፍርም፤ ምናልባትም በሙሉ ልቡ ነው። ይህ ግን ሥዕሉን አይለውጠውም።

በእኛ አገር መድረክን ሲያቋርጥ የኖረው ሌላ ሙዚቀኛ ሳይሆን ሥልጣን ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው ገደብ የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ እንዴት እንዳሽመደመደው ታላላቆቻችሁ ይነግሯችኋል። ዛሬ ግን የምወስዳችሁ ወደ ኋላ፣ ከዚህ በእግር ወደሚደረስበት ወደ ስድስት ኪሎ ነው።

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት የሚሰጥበት ሥነ ሥርዓት አዘጋጀ። ምክንያቱ የኔፕልስ ልዑል መወለድ ነበር። ወራሪው ቸር ሆኖ የሚታይበት፣ ድሆችም በግቢው ተሰብስበው የሚታዩበት ትርኢት ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በቦምብ አቋረጡት። ቀኑ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 19 ነበር፤ የኧርልስ ኮርቱም ምሽት እንዲሁ ፌብሩዋሪ 19 ነው። ይህ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ከዚህ በላይ ትርጉም የሚሰጠው ተማሪ ካለ ውጤቱን እቀንሳለሁ። ሁለቱን ድርጊቶች በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥም አልፈልግም፤ አንዱ በሳቅ አለቀ፣ ሌላውን ተከትሎ ከተማዋ ለሦስት ቀን ታረደች።

የማነሣው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ነው። በመጋቢት 10 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም፣ ጸጥታን እጅግ ከሚያናጉት መካከል ታሪክን በዜማ የሚነግሩ ዘዋሪዎች፣ ጠንቋዮችና መተተኞች እንደሚገኙበት ገልጾ፣ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉት ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙንና እስከዚያ ቀን ድረስ 70 ሰዎች ተይዘው መገደላቸውን አስታወቀ። አዝማሪው በገበያ ቆሞ የሚለው ስንኝ፣ የወራሪው ዘመን አጭር ነው የሚለው ወሬ፣ ከመትረየስ እኩል ተፈርቶ ነበር። ግራዚያኒ የአዝማሪን ሥራ ከብዙ የሙዚቃ ተመራማሪ ይልቅ ተረድቶታል ብል ማጋነን አይሆንም። ቸር መስሎ የቆመን ሰው ትርኢት በየመንደሩ የሚያቋርጥ፣ ማይክራፎን የማያስፈልገው ሰው መሆኑን ዐውቋል።

ኮከር በማግስቱ ቤቱ ገባ፤ ድርጊቱም እስከ ዛሬ በፈገግታ ይወሳል። ከዚህ ብዙም በማይርቀው የየካ ኮረብታ ላይ ያለው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ የምኒልክ ስጦታ ነው፤ በዚያ አጥር ማዶ ያለው አገር ዘፋኙን ለማሰር ሕግ ፈልጎ አጣ። በዚህ ማዶ 70 ሰዎች በአንድ ቴሌግራም ውስጥ ቁጥር ሆነው ቀርተዋል። የየካቲት 12 ሐውልት ዘንድ የምታልፉ ተማሪዎች፣ ከሟቾቹ መካከል መሰንቆ የያዙ እንደነበሩ አስታውሱ።

ጥያቄ እቀበላለሁ፤ ቀደም ብሎ ያቋረጠኝ ልጅ ይጀምር።