በምዕራብ ጎንደር ቆላ የመኖሪያ ቤት ሙቀትን መቀነስ፦ የጣሪያ ሙቀት ከልካይና የማቀዝቀዣ መሣሪያ መጠን አወሳሰን

በምዕራብ ጎንደር ዞን የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አብርሃ ጅራ፣ እንደ መተማ፣ ገንዳ ውኃና አብደራፊ ሁሉ፣ በቆላው የአየር ጠባይ ክልል ውስጥ ትገኛለች። ከየካቲት ማብቂያ አንስቶ ክረምቱ እስኪገባ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስን የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በብርዳማ አገሮች የቤት ማሞቂያ ቦይለር ከመገዛቱ በፊት ቤቱ በጣሪያ፣ በግድግዳና በመስኮት በኩል የሚያጣው ሙቀት ይሰላል፤ የቦይለሩም መጠን በዚሁ ስሌት ይወሰናል። ለቆላው ነዋሪ የሚያስፈልገውም ያው ስሌት ነው። ልዩነቱ ሙቀቱ የሚጓዘው ከውጭ ወደ ውስጥ መሆኑ ነው። ቦይለሩንማ ፀሐይ ተክታዋለች፤ በጣሪያ ላይ የተቀመጠ ጥቁር የፕላስቲክ ታንከር በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የሚያወጣው ውኃ ለገላ መታጠቢያ እንኳ የሚያቃጥል ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ቤቱ ሌሊቱን ሙቀት ይዞ ሲያድር ነዋሪው አልጋውን ወደ ደጅ ያወጣል። በዚህ አካባቢ ደግሞ ደጅ ማደር ለወባ ትንኝና ካላ-አዛር ለሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ መጋለጥ ነው። የአሸዋ ዝንቡ በዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥ፣ ግራርና በደኖ በሚበዙበት ሥፍራ ይራባል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶችም ከዛፍ ሥር ውጭ ማደርን ከበሽታው ጋር ከተያያዙ አጋላጭ ሁኔታዎች መካከል ጠቅሰውታል። በመሆኑም ሰው በቤቱ ውስጥ፣ በአጎበር ሥር ማደር እንዲችል ቤቱን ማቀዝቀዝ የኃይል ቁጠባም የጤና ጥበቃም ሥራ ነው።

ሙቀቱ በየት በኩል ይገባል?

አብርሃ ጅራ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ አካባቢ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ ወራት አጋማሽ አካባቢ፣ በቀትር በቀጥታ ከአናት በላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመናው ይጋርደዋል። የሚያዝያው ግን ደረቅና ጥርት ያለ ሰማይ ላይ ስለሚውል በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ እስከ 1,000 ዋት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። በዚያ ሰዓት የሰሜንና የደቡብ ግድግዳዎች ከሞላ ጎደል በጥላ ውስጥ ናቸው። ምሥራቁ ጠዋት፣ ምዕራቡ ከሰዓት በኋላ ይመታል፤ ጣሪያው ግን ቀኑን ሙሉ ይመታል። ስለዚህ በቆላ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ገንዘብ መውጣት ያለበት ለጣሪያው ነው።

የቀድሞው የሣር ክዳን ጎጆ ይህን ችግር ፈትቶት ነበር። የደረቀ ሣር በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ ሙቀት የማስተላለፍ ባሕርይው ከብረት በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው፤ ውፍረቱም ብዙ ሳንቲ ሜትር ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ከእሳትና ከፍሳሽ በመጠበቅ፣ በየጊዜውም ክዳን የመቀየርን ድካም በማስቀረት ከሣሩ ይበልጣል፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ብረት ሙቀትን ምንም አያግደውም። አዲስ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ፀሐይን ሁሉ የሚመልስ ይመስላል፤ በከፊልም ይመልሳል። ሆኖም የዚንኩ ገጽ የተቀበለውን ሙቀት በጨረር መልሶ የመልቀቅ አቅሙ ዝቅተኛ በመሆኑ መጋሉ አይቀርም፤ ከዛገ ወይም አቧራ ከጠጣ በኋላ ደግሞ ይብስበታል። በበጋ ቀትር የጣሪያ ቆርቆሮ 65 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በላይ መድረሱ የተለመደ ነው። ከሥሩ የተቀመጠ ሰው አየሩ ብቻ ሳይሆን ጣሪያው ራሱ በጨረር እንደ ምድጃ ያሞቀዋል።

ጣሪያውን ማሻሻል

ዝቅተኛውን ወጪ የሚጠይቀው እርምጃ ጣሪያውን ነጭ መቀባት ነው። ለጣሪያ የተዘጋጀ ነጭ ቀለም አዲስ ሳለ ከፀሐይ ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ የተቀበለውንም ሙቀት ከዚንክ በተሻለ ሁኔታ ይለቃል። በኖራ መቀባት ርካሽ ቢመስልም አይመከርም፤ እርጥብ ኖራ የቆርቆሮውን የዚንክ ሽፋን ይጎዳል፣ ክረምቱም አጥቦ ይወስደዋል። አዲስ ቆርቆሮ ቀለም እንዲይዝ አስቀድሞ ታጥቦ ለዚንክ የሚሆን የመሠረት ቀለም ሊቀባ ይገባል። ነጭ ጣሪያ አቧራ ሲለብስ ጥቅሙ ስለሚቀንስ በየዓመቱ ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት፣ በጥር ወይም በየካቲት መጀመሪያ፣ በውኃና በመጥረጊያ ማጽዳት ያሻል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ባለ ቀለም ቆርቆሮ የሚገዛ ከሆነ ነጩን ወይም ፈዛዛውን ይምረጥ። ጥቁር ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ለዓይን ያምራሉ፤ ለዚህ አገር ግን አይሆኑም።

ቀጣዩ ኮርኒስ ነው። በብዙ ቤቶች የሚታየው የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ አቧራን ከመከላከሉ በላይ የቆርቆሮውን ጨረር በቀጥታ ሰው ላይ እንዳያርፍ ስለሚጋርድ ከምንም ይሻላል። ጨርቁ ራሱ ግን ስለሚግል ሥራው ግማሽ ነው። የተሟላው መንገድ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለውን ክፍተት ማናፈስና ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት ከልካይ መዘርጋት ነው። ለማናፈሻ በጣሪያው ሁለት ጫፎች በወንፊት የተሸፈኑ ክፍት ቦታዎች ይተዋሉ፤ ወንፊቱ የሌሊት ወፍና አይጥ እንዳይገቡ ነው። ለሙቀት ከልካይነት 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነጭ ፎም በቂ ውጤት ይሰጣል። ፎም በእሳት ጊዜ መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ ግን ከኤሌክትሪክ መስመር ተነጥሎ መቀመጥና ከሥሩ በእሳት ቶሎ በማይያያዝ ኮርኒስ መሸፈን አለበት። አንጸባራቂ የአሉሚኒየም ወረቀትም ከቆርቆሮው ሥር፣ የሚያብለጨልጨው ገጽ ወደ ታች ሆኖ፣ የአየር ክፍተት ተትቶለት ሲወጠር ጨረሩን በእጅጉ ይቀንሳል። ወደ ላይ ቢዞር አቧራ ይሸፍነዋልና ብዙ አይቆይም።

በአካባቢው በብዛት የሚገኘው ሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርከሃ፣ ተሰንጥቆና ተፈትሎ ለኮርኒስ ይሆናል፤ ከላዩ ጭድ የተቀላቀለበት ቀጭን ጭቃ ሲለሰን ሙቀትን ከጨርቅ በተሻለ ያዘገያል። ደረቅ የሰሊጥ ገለባ ወይም የማሽላ አገዳ እንዲሁ በኮርኒስ ላይ መከመር ግን ፈጽሞ አይመከርም። እሳት ይጠራል፤ ምስጥ፣ አይጥና እሱን ተከትሎ የሚመጣ እባብም ማደሪያ ያደርገዋል።

ግድግዳ፣ ጥላና የሌሊት አየር

ወፍራም የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት አዘግይቶ ማታ ወደ ውስጥ ይለቃል። ይህ ባሕርይ በደጋው ብርድ ጊዜ ጸጋ ነው። በቆላ ግን የምዕራቡ ግድግዳ የመኝታ ክፍል ግድግዳ ከሆነ እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ ቤቱ በርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ቢሠራ፣ ጠባቡ ጎኑ ለምዕራብ ፀሐይ ቢሰጥ፣ በዚያም በኩል ዕቃ ቤት ወይም በረንዳ ቢሆን ይመረጣል። አስቀድሞ በተሠራ ቤት የምዕራቡን ግድግዳ በሽመል ዳስ መጋረድ ወይም ኒም መትከል ይቻላል።

ኩሽናም ከመኖሪያው መለየት አለበት። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

ቤትን ሌሊት በነፋስ ማቀዝቀዝ የሚቻለው መስኮቶች ፊት ለፊት ሲሆኑና ሲከፈቱ ነው። መስኮት መክፈት ደግሞ ለነፍሳት መንገድ መስጠት ነው። የተለመደው የትንኝ ወንፊት ትንኝን ይከለክላል፤ የአሸዋ ዝንብ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስለሆነ በዚያው ወንፊት ሊያልፍ ይችላል። ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ሁለቱንም ይከለክላል፤ ነፋሱንም ይቀንሳል። ከዚህ የተነሳ መስኮቱን ሰፋ አድርጎ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት መግጠም፣ በተጨማሪም በፀረ-ነፍሳት የተነከረ አጎበር መጠቀም የተሻለው መንገድ ነው። ጠዋት የውጭው አየር መሞቅ ሲጀምር መስኮቱና መጋረጃው ይዘጋሉ።

የማቀዝቀዣ መሣሪያ መጠን

ኤር ኮንዲሽነር በገበያ ላይ በቢቲዩ ይለካል፤ 9,000፣ 12,000፣ 18,000 እየተባለ ይሸጣል። አንድ ዋት 3.4 ቢቲዩ በሰዓት ነው። ብዙ ገዢዎች መጠኑን የሚመርጡት በክፍሉ ስፋት ብቻ ሲሆን ይህ ልማድ ያሳስታል። የሚከተለው ግምታዊ ስሌት ለምን እንደሆነ ያሳያል።

ስፋቱ 4 በ5 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ፣ አራት ሰዎች የሚቀመጡበት ክፍል ይታሰብ። ውጭው 42፣ ውስጡ 30 ዲግሪ ይሁን፤ ቆርቆሮው 65 ዲግሪ ደርሷል። ኮርኒስ ከሌለ ከጣሪያው ብቻ ወደ 3,500 ዋት ሙቀት ይገባል። ለፀሐይ ያልተጋለጡ ሁለት የውጭ ግድግዳዎች 650፣ በበርና በመስኮት ስንጥቅ የሚገባው አየር 240፣ ሰዎቹ 400፣ ቴሌቪዥንና መብራት 150 ዋት ይጨምራሉ። ድምሩ 4,940 ዋት፣ ማለትም 17,000 ቢቲዩ ገደማ ነው። ይህ ቤት ባለ 18,000 መሣሪያ ይፈልጋል፤ የመሣሪያዎች አቅም የሚለካው በ35 ዲግሪ የውጭ ሙቀት ስለሆነና በ42 ዲግሪ ስለሚቀንስ እሱም በጭንቅ ይበቃል። አሁን በዚያው ቤት የሚናፈስ ኮርኒስና 5 ሳንቲ ሜትር ፎም ይግባበት። የጣሪያው ድርሻ ወደ 420 ዋት፣ ድምሩም ወደ 1,860 ዋት ይወርዳል። ባለ 9,000 ቢቲዩ መሣሪያ ያለ ጭንቅ ይበቃዋል።

በኤሌክትሪክ ፍጆታ ሲታይ የመጀመሪያው 1,700 ዋት፣ ሁለተኛው 800 ዋት አካባቢ ይወስዳል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ የወሩ ፍጆታ በቅደም ተከተል ከ400 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይና ከ200 በታች ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም በእርከን እንዲጨምር ተደርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ በክፍያው ላይ የሚታየው ልዩነት ከእጥፍም በላይ ነው።

ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ መሣሪያ መግዛትም ጥንቃቄ አይባልም። ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይቆማል፤ መልሶ ይነሳል። በክረምት ወራት የአየሩን እርጥበት ለማውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ቤቱ ቀዝቃዛ ግን እርጥብ ይሆናል። ኢንቨርተር የሌለው መሣሪያ በተነሳ ቁጥር ለአፍታ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ደካማ በሆነ መስመር ላይ የጎረቤትን መብራት ያደክማል፣ የራሱንም ሞተር ይጎዳል።

በውኃ የሚሠራው ኤር ኩለር በካርቱምና በሌሎች የሱዳን ከተሞች ለረጅም ዘመን ያገለገለ ሲሆን የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከኤር ኮንዲሽነር በእጅጉ ያነሰ ነው። ደረቅ አየር ይፈልጋል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይስማማዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን እርጥበት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። በሚሠራበት ጊዜ መስኮት በከፊል መከፈት አለበት። ውኃው በየጊዜው ካልተቀየረ ለትንኝ መራቢያ ይሆናል።

የጣሪያ ማራገቢያ ከ50 እስከ 75 ዋት ብቻ ስለሚወስድ በአብዛኛው ወራት ከሁሉ የሚያዋጣው እሱ ነው። የክፍሉ አየር 40 ዲግሪ ካለፈ ግን ማራገቢያ ብቻውን ሰውነትን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ያሞቃል። በዚያ ሰዓት ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችንና አረጋውያንን ወደ ጥላ ማውጣት፣ ሰውነታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝና ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ላቡ የደረቀ፣ ሰውነቱ የጋለና የሚቀባዥር ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ከደጋው የሚመጡ የቀን ሠራተኞች በላስቲክ መጠለያ ውስጥ ሲያድሩ ከላይ የተነገረው ሁሉ በእነርሱ ላይ ይጠናል። ላስቲክ ፀሐይን ያስገባል፣ ነፋስን ይከለክላል። የእርሻ ባለቤቶች በላስቲኩ ፈንታ ከፍ ያለ፣ ጎኖቹ በሽመል ፍልጥ የተሠሩ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ፣ ምግብ ከሚበሰልበት እሳት ርቆ የቆመ ዳስ ሊያዘጋጁ ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አጎበር መስቀያ ገመድም አብሮ ይታሰር።