በሽቦ የሚታዘዙ ትንንሽ አይሮፕላኖች ታሪክና ለእኛ ያለው ትምህርት

የሰው ልጅ ታላቁን ሥራ ከመጀመሩ በፊት በትንሹ መሞከሩ የቆየ ልማዱ ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በባለሞተር አይሮፕላን የበረሩት ራይት ወንድማማቾች፥ ስለ መብረር ማሰብ የጀመሩት በልጅነታቸው አባታቸው ከሰጣቸው በላስቲክ ከሚዞር መጫወቻ እንደ ነበረ ራሳቸው ተናግረዋል። እኔም በዚህ የበዓል መጽሔታችን ላይ ስለ ትንንሽ ባለሞተር አይሮፕላኖች ታሪክ፥ ቀጥሎም በዚያው ዘመን በአገራችን ስለ ተሠራችው ስለ ፀሐይ ባጭሩ ለመጻፍ አስቤአለሁ።

እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ አብዛኞቹ የሞዴል አይሮፕላኖች የሚበሩት በተጠመዘዘ ላስቲክ ነበር። ላስቲኩ ተፈትቶ ሲያልቅ በረራውም ያልቃል። በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ዊልያም ብራውን የተባለ ወጣት ግን በመዳፍ ላይ የሚቀመጥ የቤንዚን ሞተር ሠራ። ማክስዌል ባሴት የተባለ ሌላ ወጣት ይህን ሞተር በአይሮፕላኑ ላይ ገጥሞ በ1933 በተደረገው ብሔራዊ ውድድር ባለላስቲኮቹን አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ለባለሞተሮቹ የተለየ የውድድር ክፍል ተበጀላቸው። ብራውን ጁኒየር የተባለው ሞተር ከ1934 ጀምሮ ለገበያ ቀረበ፤ የሲሊንደሩም ይዘት 10 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ነበር።

የዚህ ሞተር አቀጣጠል የመኪናን ይመስላል። ባትሪው ለኮይሉ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ሞተሩ ሲዞር መንገዱ በትክክለኛው ጊዜ ይቋረጥና በካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭታ ይወለዳል፤ ብልጭታውም ከዘይት ጋር የተደባለቀውን ቤንዚን ያቃጥለዋል። ነገር ግን ባትሪ፥ ኮይልና ኮንደንሰር ሁሉም ክብደት ናቸው፤ ትንሹ አይሮፕላን ይህን ሁሉ መሸከም ነበረበት።

ከዚህም የባሰ ችግር ነበር። አይሮፕላኑ አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ የሚያዘው የለም፤ ንፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። የወራት ድካም በአንድ ቀን ከዓይን ይሰወር ነበር። በ1937 በኦሬገን ኦባ ሴንት ክሌር የተባለ ሰው አይሮፕላኑን በመስመር ይዞ እያዘዘ አበረረ። በ1940 ገደማ በቴክሳስ ቪክተር ስታንዝል፥ በፖርትላንድ ደግሞ ጂም ዎከር በየራሳቸው ዘዴ የሚታዘዙ አይሮፕላኖችን ለገበያ አወጡ። ከሁሉ ይበልጥ የተስፋፋው የዎከር ዘዴ ነው።

በዚህ ዘዴ አብራሪው በሜዳው መካከል ቆሞ እጀታ ይይዛል። ከእጀታው የሚነሡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፥ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚረዝሙ፥ በአይሮፕላኑ ውስጥ ካለ ተወዛዋዥ ብረት ጋር ይገናኛሉ። እጁን ወደ ላይ ሲያዘነብል የጭራው ክንፍ ይነሣና አይሮፕላኑ ይወጣል፤ ወደ ታች ሲያዘነብል ይወርዳል። አይሮፕላኑም በወንጭፍ እንዳለ ድንጋይ እየዞረ ወደ ውጭ ስለሚስብ ሽቦዎቹ አይላሉም።

በ1947 ሬይ አርደን የፕላቲኒየም ሽቦ ያለበትን ካንዴላ ለገበያ አቀረበ። ይህ ሽቦ በባትሪ የሚግለው ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በቃጠሎው ሙቀት እንደ ጋለ ይቆያል። ባትሪና ኮይል ተሸክሞ መብረር ስለ ቀረ የብልጭታው ሞተር ዘመን በጥቂት ዓመት ውስጥ አለፈ። ዛሬ እነዚያን አሮጌ ሞተሮች ሰብስበው እያደሱ የሚያበሩ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ወጣቶች በብራውን ሞተር ይወዳደሩ በነበረበት ዘመን፥ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ ሁለት ሰው የምትይዝ አይሮፕላን ሠራ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ ተባለች። ሞተሯ በቼኮዝሎቫኪያ የተሠራ፥ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ በጠቅላላውም 30 ሰዓት ያህል በአየር ላይ ቆየች። ሚያዝያ 27 ቀን በዚያው ዓመት የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ፀሐይም ወደ ኢጣልያ ተወስዳ በሙዚየም ብዙ ዘመን ከኖረች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

አይሮፕላኗ ተመልሳለች፤ ያልተመለሰው ጊዜው ነው። ብራውን የሠራውን ባሴት አበረረው፤ ሴንት ክሌር የሞከረውን ዎከር አስፋፋው፤ አርደንም ሞተሩን አቃለለው። በእኛ አገር ግን ሥራው በተጀመረበት ዓመት ተቆረጠ። ከቬበር ጋር የሠሩት እጆች ያወቁትን ለተከታዩ ትውልድ በሰላም ለማስተላለፍ ዕድል አላገኙም።

እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ልጆች ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና እየሠራን አድገናል። ይህን የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከላይ ያየነው ታሪክ ሁሉ የተጀመረው በጨዋታ ነው። ቀርከሃ በአጠና ተራ፥ አሮጌ ኮይልና ሽቦ በምናለሽ ተራ ይፈለጋል። የ20 ሜትር ሽቦ የሚዞርበት ክብ ስፋቱ 40 ሜትር ነውና፥ የኤሌክትሪክ መስመር የማያልፍበት የኳስ ሜዳ ይበቃዋል። እንግዲህ መምህራን በፊዚክስ ትምህርት እንዲመሩን፥ ወላጆችም መዶሻና ጉጠት ይዘን ሲያዩን እንዳይከለክሉን በትሕትና እለምናለሁ። ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች የምናወርሰው ከፈተና ውጤት ሌላ የእጅ ሥራም እንዲኖር ያስፈልጋል።